ክሎሪኑ አንድ ነው፣ መመሪያው ይለያያል፦ በቤት ውስጥ የሚጠቀሙባቸው የውሃ ማከሚያዎች ግምገማ

በአገራችን በሱቅም ሆነ በአደጋ ጊዜ እርዳታ ለቤተሰብ የሚደርሱት የመጠጥ ውሃ ማከሚያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጠርሙስ የሚመጣው ፈሳሽ ክሎሪን ነው፤ ከዚህ ወገን «ውሃ አጋር» የተባለውን ምርት የማያውቅ ጥቂት ነው። ሁለተኛው እንክብል ነው፤ በስም የሚታወቀው አኳታብስ ነው። ሦስተኛው አጥልሎ የሚያክም ዱቄት ሲሆን ፑር እና አገር በቀሉ ቢሻንጋሪ በዚህ ይመደባሉ። ሦስቱም ጀርም የሚገድሉት በክሎሪን ስለሆነ የትኛው ይበልጥ ይገድላል ብሎ ማወዳደር ብዙ አያራምድም። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው መመሪያቸው ላይ ነው። ማንበብ የማትችል እናት እጅ ሲገባ፣ ያልታሰበበት ልክ ያለው ጄሪካን ሲያጋጥመው፣ የክረምት ድፍርስ ውሃ ላይ ሲውል መልእክቱ ሳይዛባ ሥራውን ይሠራል ወይ? ምርቶቹን የምንመዝነው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ማንኛውም ማከሚያ ሊያሟላው የሚገባውን ቁጥር እንያዝ። ውሃው ከታከመ ከ30 ደቂቃ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ገና ያልተጠቀመና ጀርም መግደል የሚችለው፣ በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም ያላነሰ፣ ለጣዕም ሲባልም ከ2 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ቢሆን ጥሩ ነው። በ24 ሰዓት መጨረሻ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የላይኛው ወሰን 5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የሚቀረው ክሎሪን ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ውሃ በብዛት የሚበከለው ከተቀዳ በኋላ ስለሆነ ነው፤ ጣሳ ሲጠልቅበት፣ የሕፃን እጅ ሲነካው፣ ክዳን ሲጠፋ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ለሚገባበት ጀርም ግን ምንም መከላከያ አይተውለትም።

ወደ ፈሳሹ እንግባ። ለቤት ውስጥ ሕክምና ተብለው የሚዘጋጁ ፈሳሾች ብዙውን ጊዜ 1.25 በመቶ አካባቢ ክሎሪን የያዙ ናቸው። እንዲህ ካለው 3 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ሊትር የጠራ ውሃ ሲጨመር 37.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይገባል፤ በሊትር ወደ 1.9 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ውሃው ከደፈረሰ መጠኑ በእጥፍ ያድጋል፦ 6 ሚሊ ሊትር፣ በሊትር 3.75 ሚሊ ግራም። አሠራሩ አጭር ነው፤ መለካት፣ መጨመር፣ ከድኖ መነቅነቅ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ከሦስቱ ምርቶች ለመማርና ለማስታወስ የሚቀለው ይህ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ኑሮ የምንመርጠውም ይህንኑ ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው «አንድ ክዳን» የሚለው ትእዛዝ ላይ ነው። የየትኛው ዕቃ ክዳን? የማከሚያው ጠርሙስ ክዳን 3 ሚሊ ሊትር እንዲይዝ ተደርጎ ሲሠራ መመሪያው ትክክል ነው፤ ጠርሙሱ አልቆ ፈሳሹ በሌላ ዕቃ ሲገለበጥ፣ ክዳኑ ጠፍቶ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ሲተካው ልኩ ይበላሻል። የጄሪካኑን ክዳን ሞልቶ የሚጨምርም አለ፤ በዚህ የታከመ ውሃ ከመጠን በላይ ይሸታል፤ ቤተሰቡም በሁለተኛው ቀን ምርቱን ይተወዋል። ስለዚህ ከጠርሙሱ ላይ ሥዕል ስናይ መጀመሪያ የምንፈልገው የራሱ የጠርሙሱ ክዳን፣ እስከ የት እንደሚሞላ ከሚያሳይ መስመር ጋር፣ ከጄሪካኑ ጎን ተስሎ እንደሆነ ነው። እጅ ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ይህን አያስተምርም።

ሌላው የጄሪካኑ ልክ ነው። በየመንደሩ የሚታየው ቢጫ ጄሪካን 20 ሊትር የሚይዝም 25 ሊትር የሚይዝም አለ፤ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ለ20 የታሰበው መጠን 25 ሊትር ውስጥ ሲገባ በሊትር ወደ 1.5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ውሃው የጠራ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ደብዛዛ ከሆነ ግን ማታ ላይ ምንም ክሎሪን ላይቀር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ልኩ የታወቀ ባለ 5 ሊትር ዕቃ ወስዶ ጄሪካኑን አንድ ጊዜ በውሃ መሙላትና ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ መቁጠር፣ ከዚያ በማይለቅ ቀለም ጎኑ ላይ ምልክት ማድረግ።

ፈሳሹ ሌላም ድካም አለበት፤ ያረጃል። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ክሎሪኑን ያፈርሱታል። በደንብ የተዘጋጀና ያልተከፈተ ጠርሙስ ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ከሱቅ ሲገዛ ታዲያ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስታወት ጀርባ የተደረደረውን መተው ነው። ባለሱቁ ከውስጥ፣ ከካርቶን እንዲያወጣ መጠየቅ ነውር የለውም። የተመረተበት ቀን የማይነበብ ጠርሙስ አይገዛም። ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ የተሞላ ፈሳሽ ከማያሳልፈው ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ አምራቾች በማሸጊያ ዋጋ ለመቆጠብ ሲሉ ይህን መናቅ የለባቸውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀውን በረኪናም እዚህ ላይ እንመልስ። በረኪናም እንደ ፈሳሹ ማከሚያ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው የክሎሪን ውሁድ ነው፤ በአብዛኛው ግን ከውሃ ማከሚያው ብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ሽቶ ወይም ሳሙና የተጨመረበት ለመጠጥ አይሆንም። የክሎሪኑ መጠን በመቶኛ ያልተጻፈበት ደግሞ ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ማስላት ስለማይቻል ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም። ትክክለኛ 5 በመቶ የሆነና ያላረጀ ከሆነ ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ የሚያስፈልገው 0.75 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህን በሲሪንጅ ካልሆነ በቀር መለካት አይቻልም። ለዚህ ነው ለቤት የተዘጋጀው ደከም ያለ ፈሳሽ የሚሻለው፤ ትንሽ ስሕተት ይችላል።

እንክብሉ መለካትን ያስቀራል፤ ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው። 67 ሚሊ ግራም የተጻፈበት አንድ እንክብል ወደ 40 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይለቃል፤ ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይሆናል። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የጠቅላላው ኬሚካል ክብደት እንጂ የክሎሪኑ መጠን አይደለም፤ የወረዳ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ይህን ሲያምታቱ ስሌታቸው ይዛባል። ፎይሉ እስካልተቀደደ ድረስ እስከ አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ይህም ለመጠባበቂያ ክምችት፣ ለመንገደኛና ለተፈናቃይ መጠለያ ተመራጭ ያደርገዋል።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንክብሉ የተለያየ ልክ ያለው ሆኖ በመልክ ግን እጅግ ይመሳሰላል። ለ1 ሊትር የሚሆን 8.5 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ሊትር የሚሆን 33 ሚሊ ግራም፣ ባለ 67ም ባለ 167ም አለ። በአንድ ወረርሽኝ ላይ የተለያዩ ለጋሾች የተለያየ ልክ ሲልኩ፣ ባለፈው ወር «አንድ ፍሬ ለአንድ ጄሪካን» የተባለች እናት በዚህ ወር ባለ 33ቱ ሲደርሳት በተማረችው መሠረት አንዱን ትጨምራለች። ውሃዋ የሚያገኘው ክሎሪን ግማሽ ነው። ባለ 67ቱን ባለ 10 ሊትር ጄሪካን ላይ የሚጨምር ደግሞ በሊትር 4 ሚሊ ግራም የሆነ፣ ከወሰኑ የማያልፍ ቢሆንም ሕፃናት አፍንጫቸውን ይዘው የሚገፉት ውሃ ያገኛል። አንድ ወረዳ በአንድ ወረርሽኝ ውስጥ አንድ ልክ ብቻ ቢያከፋፍል ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጣጣ ከዚህ ይከፋል። እንክብሉ ኪኒን ይመስላል። የሚመጣው በመድኃኒት ፎይል ተጠቅልሎ፣ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ በጤና ኬላ፣ ለዚያውም ተቅማጥ በገባበት ሰሞን ነው። ሰው የሚውጠው ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎይል ጀርባ፣ በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ አፍ ተስሎ በላዩ የመከልከያ ምልክት ሊኖር ይገባል፤ ካርቶኑ ጤና ኬላ ይቀራልና ወደ ቤት የሚሄደው ፎይሉ ነው። ሠራተኛዋም ስታስረክብ «ይህ ለጄሪካኑ ነው፣ ለሰው አይደለም» ብላ አንዱን እዚያው ውሃ ውስጥ ጥላ ሲሟሟ ብታሳይ ስሕተቱ ይቀንሳል። ልጅ የማይደርስበት ቦታ መቀመጥ እንዳለበትም አይዘለል።

ዱቄቱ የተሠራው ሌሎቹ ለማይችሉት ሥራ ነው። የፑር አንድ እሽግ 4 ግራም ሲሆን ለ10 ሊትር ውሃ ነው። በውስጡ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች የሚያወርድ የብረት ሰልፌትና ክሎሪን የሚሰጥ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት አለ። ቆሻሻው ሲወርድ ክሎሪን የማይበግረውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተውሳክም አብሮ ይዞት ይወርዳል፤ ፈሳሹም እንክብሉም ይህን አይችሉም። ለኩሬ፣ ለጎርፍ ውሃና ለክረምት ወንዝ ያለጥርጥር የተሻለው ይህ ነው።

አሠራሩ ግን ረጅም ነው። 10 ሊትር ውሃ በአፈ ሰፊ ባልዲ ይቀዳል፤ እሽጉ በመቀስ ይከፈትና ይጨመራል፤ 5 ደቂቃ ሳይቋረጥ በብርቱ ይማሰላል፤ 5 ደቂቃ እንዲረጋ ይተዋል። ዝቃጩ ካልወረደ እንደገና ይማሰላል። ከዚያ ቀዳዳ በሌለው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ይጠለላል፤ 20 ደቂቃ ተጠብቆ ይጠጣል። ውሃው ቢጫ ከሆነ አይጠጣም። ዝቃጩ ልጅና ከብት ከማይደርስበት፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል።

ሰው የሚሳሳተው ማማሰሉ ላይ ነው። 5 ደቂቃ ክንድ ያደክማል፤ ብዙዎች አንድ ደቂቃ ያህል አማስለው ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ጭቃው ተበትኖ ይቀራል፣ ክሎሪኑም በእሱ ላይ ያልቃል። ጄሪካን ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ማማሰያ አያስገባም፣ የረጋውን ዝቃጭም ሳያደፈርሱ መገልበጥ አይቻልም። ሁለት ባልዲ፣ ማማሰያና ጨርቅ የሌለው ቤት ዱቄቱን ብቻ ቢያገኝ ምንም አያደርግበትም። ለተፈናቃይ ቤተሰብ እሽጉን ያለ ዕቃው ማደል ወረቀት ላይ ቁጥር ማስመዝገብ እንጂ ውሃ ማከም አይደለም። ጨርቁም አሮጌ ነጠላ በአራት ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ፣ ለሌላ ሥራ የማይውል መሆን አለበት። ቢሻንጋሪም የዚሁ ወገን ነው፤ የራሱ ልክ ስላለው ግን የእሽጉን ጽሑፍ መከተል እንጂ የፑርን ልማድ ወደ እሱ ማዛወር አይገባም። በደቡብ አካባቢ በሽፈራው ፍሬ ዱቄት ድፍርስ ውሃ ማጥራት ይታወቃል፤ ውሃውን በእርግጥ ያጠራዋል፣ ግን በውስጡ ጀርም የሚመገበውን ነገር ስለሚተው ከዚያ በኋላ ክሎሪን ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛ ቀንም አይቆይም።

ድፍርስ የሚባለው የቱ ነው? መመሪያዎቹ ሁሉ «ውሃው ከደፈረሰ» ብለው ያልፉታል። የሚጠቅም ፍተሻ አለ፦ ውሃውን ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ጋዜጣ ላይ ማቆምና ከላይ ወደ ታች መመልከት። ትልቁ ርዕስ የማይነበብ ከሆነ ለፈሳሹም ለእንክብሉም በጣም የደፈረሰ ነው፤ ማስረጋት፣ ማጥለል ወይም ወደ ዱቄቱ መሄድ ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችል ሰው ጋዜጣው በጥቁር መስቀል ምልክት ሊተካ ይችላል።

አሁን ሰዎች ምርቶቹን የሚተዉበት ዋናው ምክንያት ላይ እንቁም፦ ሽታና ጣዕም። የጤና መልእክቶች ብዙ ጊዜ ይህን ሳይነኩት ያልፋሉ ወይም «ትለምዱታላችሁ» ይላሉ። ቀጥታ መናገር ይሻላል። ሽታው ክሎሪኑ እንዳለና እየጠበቀ እንደሆነ ያሳያል፤ ጨርሶ የማይሸት የታከመ ውሃ መመርመር ያለበት ነው። ከ30 ደቂቃው በኋላ ለመጠጥ የሚቀዳውን ብቻ በጆግ ከፍ አድርጎ ወደ ሌላ ዕቃ ደጋግሞ መገልበጥ ሽታውን ይቀንሳል፤ የተጠራቀመው ግን ተከድኖ ይቀመጥ። በእኛ ቤቶች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። የውሃ ዕቃ በወይራ ማጠን የተወደደ ልማድ ነው። ጭስ ውስጥ ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች አሉ፤ ክሎሪን ሲያገኛቸው በጥቂት መጠን እንኳ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ብርቱ ጣዕም ይፈጥራሉ። ሰው ምርቱ ተበላሽቶ የመጣ ይመስለዋል። ለታከመ ውሃ ያልታጠነ ዕቃ መለየት ይህን ያስወግዳል፤ ይህን የሚናገር መለያ ወረቀት ቢኖር ብዙ ቤት ውስጥ ምርቱን ያተርፈዋል። እንስራም ቢሆን ውሃውን ያቀዘቅዛል እንጂ ክሎሪኑን ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ ያሳጣዋል። የሚሻለው አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለው፣ ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት ዕቃ ነው፤ ጣሳ አይጠልቅበትም።

ምርቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ለጤና ኬላ የምንመክረው የቀለም ማነጻጸሪያ ሳጥን ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ፑል ቴስተር ይባላል። በአንዱ ቀዳዳ 10 ሚሊ ሊትር ውሃና ነጻ ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነው ዲፒዲ ቁጥር 1 የተባለ የመመርመሪያ እንክብል፣ በሌላው ፌኖል ሬድ የተባለው ይገባል። ሮዝ ቀለሙ በቀን ብርሃን ወዲያው ይነበባል፤ ቢዘገዩ ቀለሙ እየጨመረ ያሳስታል። ክሎሪኑ እጅግ ከበዛ ደግሞ ቀለሙ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ዜሮ ነው ብሎ ሌላ ክሎሪን መጨመር አደገኛ ስለሆነ ውሃውን በንጹሕ ውሃ አቅጥኖ ደግሞ መለካት ነው። ፌኖል ሬዱ የሚለካውን ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት፣ ብዙዎች ይዘሉታል። ከ8 በላይ ከሆነ ክሎሪኑ ይደክማልና 30 ደቂቃው ሊበቃ አይችልም፤ በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ውሃዎች እንዲህ ናቸው።

መልእክቱን ከምርቱ ጋር አብሮ የሚገመግም ሰው ወረርሽኞቹን መመልከት አለበት። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ኮሌራ ወደ ብዙ ክልሎች ሲዛመት፣ ማከሚያው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛና አማርኛ ተናጋሪ ቤት ሁሉ መድረስ ነበረበት። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ጠርሙስ ለዚህ አይበቃም፤ ሥዕል የግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ሲገባ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ወደ ጠበል ኬሚካል ጨምሩ የሚል መልእክት ሰሚ አያገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ጠበሉን ለካህናቱ ትቶ፣ ምእመኑ ለምግብና ለመጠጥ በጄሪካን የሚይዘውን ሌላ ውሃ፣ የእጅ መታጠቢያውንና መጸዳጃውን ይዞ መጀመር፣ ቃሉንም ካህናቱ ራሳቸው እንዲናገሩት ማድረግ የተሻለ ነው። በሰሜን ሞዛምቢክ ክሎሪን የሚጨመረው ኮሌራ ለማሰራጨት ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ የጤና ሠራተኞች እስከ መጠቃት ደርሰዋል። ወረርሽኝ ሲገባ ብቻ ብቅ የሚል ምርት እንዲህ ላለ ጥርጣሬ ይጋለጣል፤ በሽታውና ጠርሙሱ አብረው ስለሚመጡ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ጤና ኬላ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ተብሎ ሁለት ሠራተኞች የሚመደቡበት ነው፤ ሠራተኛዋ የሠፈሩን ጄሪካንና ምንጭ ታውቃለች። በቤቱ የራሱ ዕቃ አሳይታ፣ ከዚያ እናቲቱ ራሷ ደግማ እንድትሠራው ማድረግ ከማንኛውም በራሪ ወረቀት ይበልጣል። «ገባሽ?» ተብላ የተጠየቀች ሁሉ «አዎ» ትላለች፤ «በዚህ ጄሪካን ስንት ትጨምሪያለሽ? ቢደፈርስስ?» ብሎ ማስደገም ግን ያልገባውን ያወጣል። ሰዓት በሌለበት 30 ደቂቃውን በቤት ሥራ ማስላት ይቻላል፤ ቡና ታጥቦ ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ውሃው ደርሷል።

ከእነዚህ ሁሉ አልፎ የምናደንቀው በኬንያ ምዕራብ ተሞክሮ ወደ ኡጋንዳና ማላዊ የተስፋፋውን የክሎሪን ማደያ ነው። ከምንጩ ወይም ከቦኖው አጠገብ በእንጨት ላይ የተተከለ ሳጥን ሲሆን ቁልፉ ሲዞር 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ይለቃል። ለክዳን መምታታት፣ ለመርሳትና ለዋጋ መልስ ይሰጣል። ጄሪካኑ እየተነቃነቀ ቤት እስኪደርስ ማማሰሉም መጠበቁም በመንገድ ላይ ያልቃል። ሳጥኑ ራሱ በየቀኑ የሚያስታውስ መልእክት ነው፤ ጎረቤት ሲያደርግ ጎረቤት ያያል። በኬንያው ሙከራ በነጻ ሲቀርብ ከግማሽ በላይ ቤተሰቦች ተጠቅመውበታል፤ በሱቅ የሚሸጠውን ጠርሙስ አዘውትሮ የሚገዛው ግን ጥቂት ነበር። ደካማ ጎኑ የሚሞላው ሰው ነው። አንድ ሳምንት ባዶ ከሆነ ሰው ቁልፉን ማዞር ይተዋል፤ ስለዚህ ከመተከሉ በፊት በስም የታወቀ ሞይና ክሎሪኑ የሚመጣበት መንገድ ይረጋገጥ። ድፍርስ ምንጭ ላይም አይተከልም።

በየትኛውም ማሸጊያ ላይ በጉልህ ሊጻፍ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ እነዚህ ምርቶች ፍሎራይድ አያወጡም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ጥርስና አጥንት ሲጎዳ የኖረው ከጉድጓድ ውሃ በሚገኝ ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እየከረረ ይሄዳል። በእነዚህ አካባቢዎች «ይህን የጨመረ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል» የሚል ማስታወቂያ ሙሉውን አይናገርም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የጉድጓዱን የፍሎራይድ መጠን ማሳወቅ፣ ከወሰን ካለፈም ሌላ ምንጭ ወይም በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ክሎሪኑ ከዚያ በኋላ፣ በተጣራው ውሃ ላይ ይጨመራል።